ቀኜ አርፎ ግራዬ ሲሠራ

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፣ ይል ነበር አባቴ። ቀፎ ሰቃይ ነበርና ስለ ዛፍ ሲናገር የሚከራከረው አልነበረም። ጎረቤታችን በሁለት ሴቶች መሃል ሲዋልል ይህንኑ ይለዋል፤ አጎቴ እርሻውን ሳልለቅ ንግዱንም ልያዝ ሲል ይህንኑ ይለዋል፤ እናቴ በአንድ እሳት ሁለት ድስት ልጣድ ስትል እንኳ ከደጅ ሆኖ ይህንኑ ይላታል፣ እሷም "አንተ ዛፍህን ጠብቅ!" ትለዋለች። እኔ ልጅ ሆኜ ነገሩን ልፈትነው ብዬ፣ ከጓሮ ተጠጋግተው የበቀሉ ሁለት ዛፎች ላይ አንድ አንድ እግሬን አድርጌ ወጣሁ። ከመሬት የሰው ቁመት ያህል እንደራቅሁ ሱሪዬ ከመሃሉ ተተረተረ። አባቴ አልመታኝም። ሆዱን ይዞ ሲስቅ ቆየና፣ "እንኳን ሱሪው ሆነ፣ አንተ አልሆንክ" አለኝ። አሁን ይኸው አልጋዬ ላይ ነኝ፤ በቀኜ ልተኛ ስል ትከሻዬ አያስተኛኝም፣ በግራዬ ስዞር ክንዴ ይደነዝዛል፣ በጀርባዬ ተንጋልዬ ጣሪያ እያየሁ ነው፣ በእኔ ፋንታ የሚቀደድልኝ ሱሪም የለ።

ቀን ነው። ዓርብ፣ ስምንት ሰዓት አልፏል። እንቅልፍ የሚጠፋው በሌሊት ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ መጥቶ እኔን ይጠይቀኝ። አልጋውን የምንጋራው ሁለት ሆነን ነው፤ ሌሊቱ የጠበቃው፣ ቀኑ የእኔ። ጠበቃው ስሙ ነው እንጂ ሥራው አይደለም፤ ሥራው ሳህን ማጠብ ነው፣ የማያውቀው ሕግ የለም ስለሚባል ነው ጠበቃው ያልነው። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅያለሁ፣ ብርሃኑ ግን በዳርና ዳሩ ይሾልካል። ከላይ ያለችው ሴትዮ ወንበር ትጎትታለች፤ ቀኑን ሙሉ ወንበር የምትጎትት ሴት መቼ እንደምትቀመጥበት እንጃ። የጉዳት ካሳዬን የሚከፍለው መሥሪያ ቤት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ቅዳሜና እሁድ የለም። ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ጉዳዬ ይታያል። ሦስት ሰዓት ያህል ቀርቶኛል፣ ጌታዬ፤ አንተ ዘንድ ሺህ ዓመት እንደ አንድ ቀን ነው፣ እኔ ዘንድ ግን ሦስት ሰዓት ሦስት ሰዓት ነው።

መጋዘኑ ውስጥ የእኔ ሥራ ካርቶን መደርደር ነበር። ከላይ ያለውን የሚያወርድልኝ ፎርክሊፍት፣ ያንን ክምር አንሺ መኪና፣ የሚነዳው ሰው ነው፤ አገሩም ቋንቋውም ሌላ፣ ያገሬውን ቋንቋ ደግሞ እሱም እኔም እንደ ተውሶ ጫማ ነው የምንሄድበት፣ እየሰፋን እየጠበበን። ስለዚህ በእጅ እናወራለን። ሆድ መምታት ምሳ ነው፣ ሁለት ጣት ትከሻ ላይ ማድረግ አለቃው መጣ ማለት ነው፣ ጆሮ መያዝ እናትህ ደወለች ማለት ነው። እማዬ ዓይኗ ከተጋረደ ቆይቷል፣ እኔን የምታየኝ በስልኩ ውስጥ በምትሰማው ነው። በምሳ ሰዓት ስደውልላት ፎርክሊፍቱ ወደ ኋላ ሲሄድ ጢው ጢው ይላል። "ያቺ ወፍህ ዛሬም አለች?" ትለኛለች። አለች እማዬ። "ወፏ ካለች ልጄ ሥራ ላይ ነው፣ ልጄ ሥራ ላይ ከሆነ ደህና ነው" ትላለች፣ ለጎረቤትም እንዲሁ ትናገራለች። የሚነዳው ሰው እንዳለ ስነግራት "የወፏ ጌታ" አለችው፣ እኔም ከዚያ ወዲህ በሌላ ስም አስቤው አላውቅም። በጸሎቷ ሁሉ ታነሳዋለች። አይታው የማታውቀው፣ ቋንቋውን የማትሰማው ሰው፣ ከእኔና ከሞተው አባቴ ቀጥሎ ይጠራል።

ካርቶኖቹን የሚያስረው ቀበቶ አርጅቶ ነበር። የወፏ ጌታ ለአለቃው አሳየው፣ አለቃው "እስከ ወሩ መጨረሻ ይቆያል" አለና በፕላስተር አስጠቀለለው። ወሩ ሳያልቅ ቀበቶው አለቀ። ድምፁ አሁንም ይሰማኛል፣ እንደ ጅራፍ ነው የሚጮኸው፣ ከዚያ ክምሩ ሁሉ ቀኝ ትከሻዬ ላይ። መሬት ላይ ወድቄ የማየው ጫማ ብቻ ነው፣ ጫማ ከዚህ ይሮጣል፣ ጫማ ከዚያ ይሮጣል፣ አንድ ጫማ ግን አይሮጥም። የወፏ ጌታ ጎንበስ ብሎ የተበጠሰውን ቀበቶ አነሳና ጃኬቱ ውስጥ ከተተው። ያኔ ምን እንደሚያደርግ አልገባኝም። በኋላ ኩባንያው "ራሱ በስህተት ስቦ ነው የጣለው" ሲል፣ እሱ ቀበቶውን ከነፕላስተሩ ካሳው ቤት ጠረጴዛ ላይ አኖረው። ካሳ የተፈረደልኝ በዚያ ቀበቶ ነው። እሱን ግን ወደ ማቀዝቀዣው ክፍል አዛወሩት፤ ጓንት ደርቦ፣ ኮፍያ ደርቦ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀኝ ሲመጣ "ምን ሆንክ?" ብዬ በእጄ ስጠይቀው፣ ራሱን አቅፎ ይንቀጠቀጥና ይስቃል። ስለ እኔ ነው የበረደው። ይህን አውቃለሁ። ይህን እያወቅሁ ነው ያደረግሁትን ያደረግሁት።

እቤት ተቀመጥኩ። ቀኝ እጄ በጨርቅ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሏል፣ እንደ ሕፃን። ለጸሎት ስነሳ እንኳ ግንባሬ ድረስ አይደርስልኝም፤ በግራ ማማተብ ደግሞ ከልጅነቴ ነውር ነው፣ ስለዚህ ግራዬ ቀኙን ክንዱን ይዞ ተሸክሞ ያደርሰዋል፣ ከግንባር ወደ ደረት፣ ከትከሻ ወደ ትከሻ፣ ሽማግሌ አባቱን ደግፎ እንደሚያሳልም ልጅ። በምሳ ሰዓት ለእማዬ እደውላለሁ። ክፍሉ ጭር ብሏል። "ምነው ዝም አለ?" ትላለች። ምሳ ላይ ነን እማዬ። "ወፏስ?" ወፏም ምሳ ላይ ናት። ሳቀች፣ ግን ሳቋ አጭር ነበር። በማግስቱም "ወፏስ?" በሦስተኛው ቀን ወፏን አልጠየቀችም፤ "ልጄ፣ የምትደብቀኝ ነገር አለ?" አለች። መጎዳቴን ብነግራት ያችን የቀረች የዓይኗን ብርሃን አልቅሳ ታጠፋታለች ብዬ ፈራሁ። እግዜር ያውቃል ፈርቻለሁ። ድምፅ ያለበት ቦታ ፍለጋ ነው የወጣሁት፣ ብዬ ለራሴ ነግሬዋለሁ፤ ድምፅ ያለበት፣ እናት የምትረጋጋበት።

ላውንደሪው ጥግ ላይ ነው፣ የሆቴልና የሆስፒታል አንሶላ የሚታጠብበት። በሩን ገና ሳይከፍቱት ይጮኻል። ባለቤቱ አጭር ሰው ነው፣ የተንጠለጠለ እጄን አየና "በአንድ እጅ ምን ልትሠራልኝ?" አለ በምልክት። በግራዬ አንሶላውን ከጫፉ አንስቼ የመተኮሻው ማሽን አፍ ውስጥ ቀጥ አድርጌ አጎረስኩት። ደግሜ አጎረስኩት። ወረቀት አልጠየቀኝም፣ ከሌሊት ገብቼ ምሳ እንዳለፈ እወጣለሁ፣ ዓርብ ዓርብ በእጄ ይሰጠኛል። እማዬ ስደውልላት "ይህ ደግሞ ምንድን ነው? ዝናብ ነው?" አለች። ቦታ ቀይረውኝ ነው እማዬ። "ተመስገን! ወፏ ሄዳ ዝናብ መጣ" አለች፣ ደስ አላት፣ እኔም ደስ አለኝ። እውነቱን ልናገር እንጂ፣ ብቻዬን ነኝ፣ የሚሰማኝ አንተ ነህ፣ አንተ ደግሞ ቀድመህ ታውቃለህ፤ እናቴን ምክንያት አደረግኋት እንጂ ድምፅማ አውቶቡስ ጣቢያም ቆሜ ብደውል ይገኝ ነበር። ካሳውም ይመጣል፣ ላውንደሪውም ይሰጣል፣ ሁለት እግሬ ሁለት ዛፍ ላይ ሆኖ ከፍ ከፍ ስል፣ ከላይ ያለው ነፋስ ጥሩ ነበር። ጥሩ ነበር ጌታዬ። ለራሴም ጫማ ገዝቻለሁ።

በየወሩ ፎርም ይመጣል። ጠበቃው መነጽሩን ያደርግና ያነብልኛል፣ መነጽሩ ከገበያ የተገዛ ነው፣ ለማንበብ ይሁን ለማማር አላውቅም። "በዚህ ወር ሥራ ሠርተሃል ወይ? ይላል።" እኔ ግራ እጄን አየሁት። "አልሠራሁም የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አድርግ፣ ቀላል ነው።" ውሸት አይሆንም ወይ? "አንተ ሰው! ካሳው የቀኝ እጅህ ነው። ቀኝህ ሠርቷል?" አልሠራም። "በቃ! ቀኝህ አርፏል፣ የሚጠየቀው እሱ ነው።" ይህንን ነገር እንዴት እንደወደድኩት! ከሰው አፍ የወጣ ሳይሆን ከሰማይ የወረደ መሰለኝ። ቀኜ አርፏል። ለሦስት ወር በጸሎቴ ላይ ይህንን ጨመርኩ፣ ጌታ ሆይ ቀኜ አርፏል፣ ግራዬ ነው። ያችን ምልክት ያደረግሁት በየትኛው እጄ እንደነበር ግን ጠይቄም አላውቅም። አንሶላ በሚያጎርሰው ነው። በዚያው እጅ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ጠበቃው ከፎርሙ ጋር የመጣውን ወፍራም መጽሐፍ ሲያገላብጥ ቆየና "አንተ፣ እዚህ ጋ እኮ ሌላ ነገር ይላል" አለኝ። ምን ይላል? "ሐኪም ከፈቀደ፣ ቀድሞ ተናግሮ ቀላል ሥራ መሥራት ይቻላል ይላል። ካሳው ትንሽ ይቀነሳል እንጂ አይቀርም።" ተነስቼ ቆምኩ። "ታዲያ ይህንን ያኔ ለምን አላነበብክልኝም?" "ያኔ እዚህ ገጽ አልደረስኩማ!" አለኝ፣ እንደተበደለ ሰው። ሳቅም ለቅሶም መጣብኝ። መንገዱ ክፍት ነበር። በር ላይ ቆሜ በመስኮት ገባሁ። እሱን ምን አደርገዋለሁ፣ ጠበቃ ብለን ያወጣንለት እኛው ነን።

ከሦስት ሳምንት በፊት የወፏ ጌታ ወደ ላውንደሪው መጣ። የሚስቱን ወፍራም ብርድ ልብስ ተሸክሞ፣ በሩን በጀርባው ገፍቶ ገባ፣ ዞረ፣ አየኝ። ማሽኑ አንሶላ እየዋጠ ነው፣ እኔ ማጉረስ ማቆም አልችልም፣ ካቆምኩ ይጨማደዳል። በቀኝ እጁ ትከሻውን ነክቶ ቅንድቡን አነሳ፤ ትከሻህስ? ማለቱ ነው። ግራ እጄን ከፍ አድርጌ አወዛወዝኩለት፤ በዚህ ነው! ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሁለታችንም የሳቅነው ልክ አልነበረም፣ መጀመሪያ ያቆመው ግን እሱ ነው። ደረሰኙን ተቀብሎ ወጣ። የተሰነጠቀውን ከንፈሩን ቫዝሊን ቀብቶት ነበር፣ ያ አብረቅራቂ ነገር በመስኮቱ መስተዋት ውስጥ እየራቀ ሲሄድ ይታየኛል። ታጥቦ ሲያልቅ ብርድ ልብሱን ሊወስድ የመጣው እሱ ሳይሆን ሚስቱ ናት።

ማክሰኞ ለኩባንያው ሐኪም ቀረብኩ። ኩባንያው ይግባኝ ብሏል፣ ሰኞ እንደገና ሊታይ ነው። ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ስልክ አኑሯል፣ ከስልኩ ውስጥ የአንዲት ልጅ ድምፅ ባገሬ ቋንቋ "ጤና ይስጥልኝ፣ አስተርጓሚ ነኝ፤ የሚባለውን ሁሉ ሳልጨምር ሳልቀንስ አስተረጉማለሁ" ይላል። አገሬን ሰማኋት ብዬ ወንበሬን ወደ ስልኩ አስጠጋሁ። ሐኪሙ ይጠይቃል፣ ልጅቱ "አሁን የሚሠሩት ሥራ አለ?" ትለኛለች። ቀኝ እጄ ከደረቴ በላይ አይወጣም፣ አልኩ። ተረጎመችው። ሐኪሙ ያንኑ ጥያቄ ደገመው። ድምፄን ዝቅ አድርጌ "እህቴ፣ ምን ብል ይሻላል?" አልኳት። እሷ ግን "የሚባለውን ሁሉ ነው የማስተረጉመው። ይህንንም ላስተርጉመው?" አለችኝ። ተይው አልኳት። የለኝም፣ አልሠራም። እሷም በነሱ ቋንቋ አለችው፣ "አይሠራም" ብላ አይደለም፣ "አልሠራም" ብላ፣ እኔን ሆና። አሠራራቸው እንደዚያ ነው። የማላውቃት የሰው ልጅ አፏን አውሳኝ ዋሸሁበት። ሐኪሙ ከዚያ ሁለቱንም እጆቼን ይዞ አየ፤ ግራው መዳፍ ላይ ማሽኑ የለበለበኝ ሦስት መስመር አለ፣ አውራ ጣቱን እያሻሸ አለፈባቸው። ጻፈ ብቻ።

ትናንት የወፏ ጌታ እዚህ መጥቶ ነበር። ብርቱካን ይዟል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ከኪሱ ወረቀት አወጣ፣ ለእኔ የመጣው ዓይነት ነው፣ ለምስክርነት ተጠርቷል። ጠበቃው ተቀብሎ አነበበው፣ "ስለ ቀበቶው ይጠየቃል፣ ደግሞም ከጉዳቱ በኋላ ሲሠራ አይተኸዋል ወይ ተብሎ በመሐላ ይጠየቃል" አለ። የወፏ ጌታ የተባለው ገብቶታል፣ አስቀድሞ ገብቶት ነው የመጣው። አየኝ። ቀኝ እጁን አነሳ፣ እንደሚምል ሰው። ከዚያ ያንኑ እጁን አወረደና አፉን ሸፈነበት። ከዚያ ትከሻዬን፣ ያንን የታመመውን፣ እንደ እንቁላል በቀስታ ነካው። አላየሁም ብዬ ልማልልህ ነው ያለኝ። እኔ ምን አደረግሁ? ብርቱካን ላጥኩለት። በግራዬ። ጠበቃው እሱ ከወጣ በኋላ እጁን እያፋተገ "ተመስገን በል፣ ሰውየው ወንድ ነው! አለዚያ ካሳውም ይቀራል፣ የበላኸውንም መልስ ትባላለህ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ደግሞ አፌ አያወጣውም" አለኝ። የዚህ ሁሉ ነገር መጨረሻ ለእኔ አፉን የሚሸፍን ሰው ማግኘት ሆነ። ያ እጅ እኮ ነው ቀበቶውን ከመሬት ያነሳው። አንድ እውነተኛ ነገር ስለ ተናገረ ክረምት ከበጋ በረዶ ቤት የሚውል ሰው፣ አሁን ስለ እኔ ሊዋሽ ነው። እኔስ ጥፋቴ በገዛ አንገቴ ነው፤ እሱ በምን ዕዳው? ከታወቀበት ደግሞ ቀበቶውም ውሸት ይሆናል፣ ፕላስተሩም ውሸት ይሆናል፣ ትከሻዬ ራሱ ውሸት ይሆናል።

ዛሬ በምሳ ሰዓት ከላውንደሪው ለእማዬ ደወልኩ። "ዝናቡ አለ?" አለች። አለ እማዬ። "ዝናቡ አለ፣ አንተ ግን የለህም" አለችኝ። ምነው እንዲህ አልሽ? "እንጃ፣ ድምፅህ ከሩቅ ይመጣል፣ ከነዝናቡ ይርቅብኛል። ያ የወፏ ጌታስ፣ ተጣላችሁ እንዴ? ድሮ ስሙን ሳትጠራ አትዘጋም ነበር።" አልተጣላንም እማዬ። "በጸሎቴ እንዳለ ንገረው። ሰው ባያውቀውም ደስ ይለዋል።" ስልኩን ዘግቼ ወደ ማሽኑ ተመለስኩ፣ አንሶላው ነጭ ነው፣ ገና ትኩስ ነው፣ ሌላ ነጭ ይመጣል፣ ሌላ፤ ሲዋጥ ሲዋጥ ቆየና አንዱን አጣምሜ አጎረስኩት፣ ባለቤቱ ጮኸ፣ ጥግ ድረስ ተጨማዶ ወጣ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። ሴትዮዋ ወንበሯን አቁማለች፤ ተቀምጣለች ማለት ነው፣ እሷም ተቀመጠች። ተነስቼ ብርድ ልብሱን ከመስኮቱ አወረድኩ። ብርሃኑ ጫማዬ ላይ ወደቀ፣ አዲሱ ጫማ ላይ። ልጸልይ ብዬ ቆምኩ፣ ግራዬ እንደ ልማዱ ቀኙን ሊደግፍ መጣ፤ ተው አልኩት። ቀኜን ብቻውን አነሳሁት። ትከሻዬ እንደ ዛገ በር ጮኸብኝ፣ ደረቴን አለፈ፣ አገጬን አለፈ፣ ግንባሬ ግን ሩቅ ነው፤ አንገቴን አጎንብሼ ግንባሬን ወደ እጄ አመጣሁለት። እስካሁን ይህ አልታየኝም ነበር፣ ጎንበስ ቢሉ እንደሚደረስ። የካሳው ቤት ደብዳቤ ላይ ያለውን ቁጥር መታሁ። ሙዚቃ። ቋንቋ ምረጥ ይላል። ሙዚቃ። ጠበቃው በሥራ ላይ ነው፣ ተመስገን፣ ቢኖር ኖሮ ስልኩን ይነጥቀኝ ነበር። አሥር ሰዓት ሆነ፣ ሙዚቃው ያው ነው፣ ቀኜ ስልኩን እንደያዘ ነው፣ ወደ ግራ አላዛውረውም ብያለሁ።

ስልኩ ተነሳ። በነሱ ቋንቋ አንድ ሰው፣ ከዚያ ያገሬ ድምፅ፣ የማክሰኞዋ ልጅ አይደለችም፤ እድሜ ያላት ሴት ናት፣ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች፣ ድክም ያላት። "ጤና ይስጥልኝ፣ አስተርጓሚ ነኝ። የሚባለውን ሁሉ ሳልጨምር ሳልቀንስ አስተረጉማለሁ። እርስዎም አጠር አጠር አድርገው ይናገሩ።" እሺ እመቤቴ። ስምና ቁጥር ተጠየቅሁ፣ ሰጠሁ። "በምን ልርዳዎት?" አለ ሰውየው በእሷ አፍ። ቃሉን ከጠዋት ጀምሮ አዘጋጅቼዋለሁ፣ ስለ ቀበቶው፣ ስለ እማዬ፣ ስለ ዝናቡ፣ ሰኞ የሚመጣው ሰው ምንም ጥፋት እንደሌለበት፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሊወጣ ተጋፋ። አንዷ ብቻ ወጣች። ሥራ እሠራለሁ፣ አልኩ፣ አራት ወር ሆኖኛል፣ ዋሽቻለሁ። እሷም በነሱ ቋንቋ አለችው፤ ያቺ የደከመች ሴት፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ፣ ዋሽቻለሁ አለች፣ እኔን ሆና። ቁልፍ ሲመታ ይሰማኛል። ቆመ። ሰውየው አንድ ነገር ተናገረ። "ሌላ የሚሉት አለ? ከሌለ በዚሁ መዝግቤ እዘጋዋለሁ።" የምለው አለ፣ ልል ነው፣ አለ። የሚቀረው ዋናው ነው፣ የወፏ ጌታ ነው፣ እሱን ሳላወጣ ከተዘጋ ምን አደረግሁ? አፌን ከፈትኩ። እንባ ነው የሚወርደው፣ እንባ ደግሞ ምን ተብሎ ይተረጎማል። ሰውየው ደገመው፣ አሁን ቸኩሏል። እሷ አልተረጎመችልኝም። ትንፋሿን ወደ ውስጥ ስትስብ ሰማኋት፣ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

"ወንድሜ፣ ይህን ከራሴ ነው የጨመርኩት፤ አይዞህ፣ ቀጥል።"